ያልሸተተኝ ቁንዶ በርበሬ

ፉትስክሬይን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከሜልቦርን መሀል ከተማ ወደ ምዕራብ በባቡር ጥቂት ደቂቃ ተሂዶ የሚደረስበት፣ እንጀራ ቤትና ቡና ቤት የሞላው፣ ታፔላው ሳይቀር በአማርኛ የተጻፈበት ሰፈር ነው። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ አንድ የመጠጥ ሱቅ ውስጥ ለዓመታት ወይን ሸጫለሁ። ደንበኛ ገብቶ የሚጠይቀኝ ከሞላ ጎደል አንድ ጥያቄ ነው፤ «ከ15 ዶላር በታች ጥሩ ሺራዝ የቱ ነው?» እኔም መልስ አጥቼ አላውቅም። አንዱን ጠርሙስ ከመደርደሪያው አነሳና «ይሄ ጥቁር እንጆሪ አለው፣ ቸኮሌት ቢጤም አለው፣ መጨረሻ ላይ ቁንዶ በርበሬ ይመጣል» እላለሁ። ሰውየው ከፍሎ፣ አመስግኖ ይወጣል። ከተናገርኩት ግማሹን ከጠርሙሱ ጀርባ ያነበብኩት፣ ግማሹን ከሰው አፍ የለቀምኩት መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ውሸት ነበር ማለት ግን ይከብደኛል። ቃላቱን ደጋግሜ ከማለቴ የተነሳ የምር የምቀምሳቸው ይመስለኝ ነበር። ክፋቱም እዚህ ላይ ነው፤ ሆን ብሎ የሚዋሽ ሻጭ ቢያንስ እውነቱ የት እንዳለ ያውቃል።

ስለ ወይኑ ጥቂት ልበል። ሺራዝና ሲራ አንድ የወይን ዘር ናቸው፤ ፈረንሳዮች ሲራ ይሉታል፣ አውስትራሊያውያን ሺራዝ። ከኢራኗ የሺራዝ ከተማ የመጣ ነው የሚል ተረት ለብዙ ዘመን ሲወራ ኖሯል። በ1990ዎቹ መጨረሻ (ዘመኑን የምቆጥረው ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው) የካሊፎርኒያና የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ዘረመሉን መርምረው ወላጆቹን ሲያገኙ ተረቱ ፈረሰ። ወላጆቹ ዱሬዛና ሞንዶዝ ብላንሽ የሚባሉ፣ ሁለቱም የደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ ዘሮች ናቸው። ጄምስ በዝቢ የተባለ ስኮትላንዳዊ ከስፔንና ከፈረንሳይ ሰብስቦ በ1832 ወደ ሲድኒ ካደረሳቸው የወይን ቁርጥራጮች መካከል ይህ ዘር ነበረበት። አፈሩም ፀሐዩም ተስማማው። የአውሮፓን የወይን እርሻ ያወደመው ፊሎክሴራ የተባለ ተባይ ደቡብ አውስትራሊያ ስላልገባ፣ ባሮሳ ሸለቆ ውስጥ በ1840ዎቹ የተተከሉ የሺራዝ ግንዶች ዛሬም ያፈራሉ።

እኔ የምሸጠው ርካሽ ሺራዝ ግን ከእነዚያ ሽማግሌ ግንዶች አይደለም። አብዛኛው የሚመጣው ከሪቨርላንድ፣ ከሪቨሪናና ከመሪ ዳርሊንግ ነው። ሜዳማ፣ ሞቃት፣ ከመሪ ወንዝና ከገባሮቹ በመስኖ የሚጠጣ፣ አዝመራውም በመኪና የሚሰበሰብ አገር ነው። መለያ ወረቀቱ ላይ «ሳውዝ ኢስተርን አውስትራሊያ» የሚል ካያችሁ ወይኑ የአንድ ቦታ ልጅ አይደለም ማለት ነው። ይህ ስያሜ ኒው ሳውዝ ዌልስን፣ ቪክቶሪያንና ታዝማኒያን በሙሉ፣ ከኩዊንስላንድና ከደቡብ አውስትራሊያም ሰፊ ክፍል የሚያቅፍ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ካርቱም ያለውን ሁሉ በአንድ ስም እንደመጥራት ቢሆን አይገርምም። አንድ ቀጠና ስሙ ከተጠቀሰ ግን ሕጉ ከወይኑ ቢያንስ 85 በመቶው ከዚያው ቀጠና እንዲሆን ያስገድዳል። ዘሩም፣ የአዝመራው ዓመትም እንዲሁ። ጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው ነገር ሁሉ ይህ ቁጥር የበለጠ ጠቅሞኛል።

ዋጋው ለምን እንደወረደ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። በ2020 መጨረሻ ቻይና በአውስትራሊያ ወይን ላይ ቀረጥ ጣለች፤ ቀረጡ እስከ 218 በመቶ ደረሰ። ከሁሉ በላይ ይገዛ የነበረው ገበያ ሲዘጋ ቀይ ወይን በየጋኑ ተጠራቅሞ ቀረ። ቀረጡ በ2024 ቢነሳም የተከማቸው ወይን በአንድ ጊዜ የሚያልቅ አልነበረም። እንዲህ ሲተርፍ አምራቾች የራሳቸውን ስም ላለማርከስ ሲሉ ጥሩ ወይን መለያ ሳይለጥፉ ይሸጣሉ። «ክሊንስኪን» የሚባለው ይህ ነው፤ ጠርሙሱ ላይ ሕግ ከሚያስገድደው በቀር ብዙም ነገር የለም። ስሙን ተመልክቶ የሚገዛ ሰው ፈርቶት ያልፋል፤ አፉን የሚያምን ሰው ግን ሲሳዩ ነው። እኔ በዚያን ጊዜ ከሚፈሩት ነበርኩ። ሳነበው የምቀምሰው ነገር አልነበረውማ።

አለቃዬ በወጣትነቷ በወይን ውድድሮች ላይ ረዳት ዳኛ የነበረች ሴት ናት። ሱቁ ከተዘጋ በኋላ አንዳንድ ምሽት ጠርሙሶችን በወረቀት ከረጢት ሸፍና፣ በቁጥር ለይታ ትደረድርልናለች። መጀመሪያ ያስተማረችኝ ቅምሻን ሳይሆን ዝምታን ነው። ሁሉም ጽፎ ሳይጨርስ ማንም አይናገርም። ፊት ማጨማደድ፣ «እህ» ማለት እንኳ ክልክል ነው። አንድ ሰው «ቼሪ» ካለ በኋላ ሌላው ሁሉ ቼሪ ማሽተቱ አይቀርም ትላለች። አውስትራሊያ ውስጥ ከድሮ ጀምሮ የቆየው የውድድር ነጥብ ከ20 ነው፤ 3 ለመልኩ፣ 7 ለሽታው፣ 10 ለአፍ። ከ18.5 ጀምሮ ወርቅ፣ ከ17 ጀምሮ ብር፣ ከ15.5 ጀምሮ ነሐስ። ዛሬ ብዙዎቹ ውድድሮች ወደ 100 ተቀይረዋል። እኔ ግን አሮጌውን እመርጣለሁ። ግማሹን ነጥብ ለአፍ መስጠቱ ሰውን ከሽታ ቅኔ ያወጣዋል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ ብርጭቆ ይቀርባል፤ ሁለት ጣት የማይሞላ ወይን ይቀዳበታል። ነጭ ወረቀት ላይ አዘንብሎ መልኩን ማየት፤ ወጣት ሺራዝ ጠርዙ ወደ ሐምራዊ ያደላል፣ ሲያረጅ ወደ ሸክላ ቀለም ይሄዳል። ከዚያ ሳያንቀሳቅሱ አንድ ጊዜ ማሽተት፣ አሽከርክሮ እንደገና ማሽተት፣ አፍ ሞላ አድርጎ ይዞ፣ አየር ስቦበት፣ ምራቁን ጨምሮ መትፋት። መትፋቱ ላይ የኛ ሰው ይቸገራል። የሰጡትን መትፋት ነውር ይመስለዋል። ነገር ግን ከአምስተኛው ብርጭቆ በኋላ ሁሉንም የሚወድ ዳኛ ለማንም አይጠቅምም።

ሙቀቱንም አትናቁት። ሺራዝ የሚቀመሰው ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ባለው ነው። የሜልቦርን በጋ ጠርሙሱን ወደ 28 ሲወስደው አልኮሉ አፍንጫ ላይ ይወጣል፤ ፍሬው ይደበቃል። በዚያ ሁኔታ ስንት ጨዋ ወይን «ያቃጥላል» ተብሎ እንደተፈረደበት ሳስበው አዝናለሁ። አሁን ለደንበኛ ሁሉ የምለው አንድ ነገር ይህ ነው፤ ከመክፈትህ በፊት ሃያ ደቂቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ ክተተው።

እንግዲህ ወደ ቁንዶ በርበሬው። ሺራዝ ላይ የሚሸተው ቁንዶ በርበሬ ወይን ሻጮች ለማሳመር የፈጠሩት አይደለም። በ2008 የአውስትራሊያ የወይን ምርምር ተቋም ሳይንቲስቶች ምንጩን አገኙት፤ ሮተንዶን ይባላል። ወጥ ላይ በምንነሰንሰው በራሱ በቁንዶ በርበሬ ውስጥ ያለው ያው ነው፤ በወይኑ ውስጥ የሚኖረው በፍሬው ልጣጭ ላይ ነው። በአንድ ሊትር ቀይ ወይን ውስጥ 16 ናኖግራም ብቻ ቢኖር ሰው ያሸተዋል። ናኖግራም የአንድ ግራም ቢሊዮንኛ ክፍል መሆኑን አስቡት። ቀዝቀዝ ባለ አገር በዝግታ የበሰለ ወይን ላይ ይበረታል። ለዚህ ነው ቪክቶሪያ ውስጥ ያለው የግራምፒያንስ ሺራዝ በዚህ ሽታው የሚታወቀው። ሞቃቱ ሪቨርላንድ ላይ ግን ከስንት አንዴ ነው።

አንድ ምሽት አለቃዬ ሦስት ብርጭቆ ለእያንዳንዳችን አሰለፈች። ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው፣ አንዱ የተለየ ነው፤ የተለየውን ፈልጉና ለምን እንደተለየ ጻፉ አለች። የቅምሻ ላቦራቶሪዎች ሁሉ የሚሠሩበት ፈተና ነው። ባልደረቦቼ አንዴ አሽትተው ጨረሱ። እኔ ከአንዱ ወደ አንዱ ስመላለስ ቆየሁና በመጨረሻ አንዱን በግምት ከበብኩ፤ አጠገቡም እንደ ልማዴ «ቁንዶ በርበሬ» ብዬ ጻፍኩ። ከረጢቱ ሲነሳ የከበብኩት ከሪቨርላንድ የመጣ፣ በ8 ዶላር የሚሸጥ ሆኖ ተገኘ። የግራምፒያንሱ ሌሎቹ ሁሉ «ቁንዶ በርበሬ» ያሉት ብርጭቆ ነበር። እኔ እዚያ ላይ የጻፍኩት «ለስላሳ፣ ሽታው ደብዘዝ ያለ» የሚል ነው።

አልሳቀችብኝም። «ምን ያህል ጊዜ ነው ቁንዶ በርበሬ አለው እያልክ የሸጥከው?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልሰጠሁም። ከዚያ በኋላ የነገረችኝ ግን አቀለለኝ፤ ተመራማሪዎቹ ሮተንዶንን ሲያገኙ ከቀማሾቻቸው ሃያ በመቶ ያህሉ በሊትር ውሃ 4,000 ናኖግራም ተጨምሮበት እንኳ አይሸታቸውም ነበር። ከአምስት ሰው አንዱ ማለት ነው። የአፍንጫ ተፈጥሮ እንጂ የችሎታ ጉድለት አይደለም፤ በልምምድም አይመጣም። ደጋግማ በሌሎች ጠርሙሶች ፈተነችኝ፤ ውጤቱ አልተለወጠም። ሽሮ ወይም ጥብስ ላይ የተነሰነሰ ቁንዶ በርበሬ ይሸተኛል፣ ምላሴንም ያቃጥለኛል። በውስጡ ሌሎች ሽታዎችም አሉበትና። ሮተንዶን ብቻውን ግን ለኔ ንጹሕ ውሃ ነው።

በዚያ ሰሞን ያሳፈረኝ አለማሽተቴ አይደለም። ያልሸተተኝን ጽፌ ነጥብ መስጠቴ ነው። «ቁንዶ በርበሬ አለው» ያልኳቸውን ወይኖች ለሽታቸው ከ7 ስድስት ስሰጣቸው፣ የእውነት የነበረባቸውን ደግሞ «ደብዛዛ» ብዬ አራት ስሰጣቸው ነበር። ያም በደንበኞች ኪስ ላይ ያረፈ ፍርድ ነው።

አፍንጫዬ ያጣውን ያህል የተሰጠውም አለ። ገና ወይኑን ሳላሽከረክር ከሁሉ ቀድሞ የሚደርሰኝ ሽታ ባህር ዛፍ ነው። አብዛኞቹ የኛ ሰዎች ቢሞክሩት እንደዚያው የሚሆንባቸው ይመስለኛል። ባህር ዛፍ ወደ አገራችን የመጣው በምኒልክ ዘመን ከዚችው አውስትራሊያ ነው፤ የእንጦጦ እንጨት ተሸካሚ እናቶች ጀርባ ላይ ስናሸተው ያደግን ሰዎች አንስተውም። እዚህ ደግሞ ብዙ የወይን እርሻ ዳሩ በባህር ዛፍ የተከበበ ነው። የዛፉ ዘይት ወደ ወይኑ ልጣጭ ይደርሳል። በመኪና ሲሰበሰብ ቅጠሉና ቅርፊቱ ከፍሬው ጋር ይገባል። ለዛፎቹ በቀረበው ረድፍ ላይ ሽታው እንደሚበረታ ያው ሮተንዶንን ያገኘው የምርምር ተቋም አረጋግጧል። አለቃዬ እዚሁ ጫካ ጥግ ስላደገች ነው መሰለኝ ባህር ዛፉን ብዙ ጊዜ አትጽፈውም። እኔ በአንደኛው መስመር ላይ ጽፌው እገኛለሁ። ጥቂት ሲሆን ወይኑን ያነቃዋል፤ ሲበዛ ግን የጉንፋን መታጠኛ ያደርገዋል፤ ያኔ ነጥብ እቀንሳለሁ።

ከዚያ በኋላ ዋጋውን ሳላይ መቅመስ ጀመርኩ፤ ይሄኛው ከሁሉ ከባድ ሆነብኝ። በ2008 የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች 20 ሰዎችን አንጎል በሚያነብ መሣሪያ ውስጥ አስተኝተው ወይን አጠጧቸው። የ5 ዶላሩን ወይን አንዴ 5 ዶላር፣ አንዴ 45 ዶላር ነው አሏቸው። ሰዎቹ 45 ሲባሉ የበለጠ ወደዱት፤ ደስታን የሚመዘግበው የአንጎል ክፍልም አብሮ ከፍ አለ። ማለት የወደዱ መስለው አይደለም፣ እውነት ወደውታል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2001 በቦርዶ 54 የወይን ጥናት ተማሪዎች ነጭ ወይን ቀይ ቀለም ተጨምሮበት ቀርቦላቸው የቀይ ወይን ሽታዎችን ዘርዝረው ጻፉለት። ይህንን ካነበብኩ በኋላ እኔን ብቻ ያሞኘኝ ነገር አለመሆኑ ትንሽ አጽናናኝ። ብዙ አላጽናናኝም፤ እነሱ እንደኔ ወይን ሸጠው አልኖሩበትም።

ሜዳሊያውስ? ርካሽ ሺራዝ ላይ የወርቅ ክብ ተለጥፎ ስታዩ ልባችሁ መሳቡ ተፈጥሮ ነው። ሮበርት ሆጅሰን የተባለ የካሊፎርኒያ ወይን ጠማቂ፣ በሙያው የባሕር ሳይንስ ፕሮፌሰር የነበረ ሰው፣ የራሱ ወይን በአንዱ ውድድር ወርቅ አግኝቶ በሌላው ባዶ እጁን መመለሱ ቢገርመው የክፍለ ሀገሩን ትልቅ ውድድር ዳኞች ፈተነ። ከአንድ ጠርሙስ የተቀዳ ወይን በአንድ ረድፍ ውስጥ ሦስት ጊዜ ያቀርብላቸዋል። በ2008 ያሳተመው ውጤት፣ ለዚያው ወይን ሦስቴም ተቀራራቢ ሜዳሊያ የሰጡት ከአሥር ዳኞች አንዱ ያህል ብቻ መሆናቸውን አሳየ። እዚህ አገርም ታሪክ አለ። የዛሬው እጅግ ውድ ሺራዝ ግሬንጅ በ1951 ሲጀመር ባለሙያዎቹ ጠሉት። ጠማቂው ማክስ ሹበርት በ1957 እንዲያቆም ታዘዘ፤ በድብቅ ቀጠለበት። ሹበርት የሠራው የ1955ቱ ወይን በኋላ ከሃምሳ በላይ የወርቅ ሜዳሊያ አገኘ። ስለዚህ ሜዳሊያ ያለውን ጠርሙስ አልጠላም፤ የትኛው ውድድር እንደሰጠውና ለየትኛው ዓመት አዝመራ እንደሆነ ግን አነባለሁ። ያለፈው ዓመት ወርቅ በዘንድሮው ጠርሙስ ላይ ተለጥፎ ከሆነ ወደ መደርደሪያው እመልሰዋለሁ።

ርካሽ ሺራዝ ላይ ምን እንደምፈልግ አሁን ግልጽ ሆኖልኛል፤ ያኔ የምፈልገው ውድ ወይን መስሎ የሚገኝ ርካሽ ወይን ነበር። እንደዚያ ዓይነቱ በአብዛኛው የተኳለ ነው። ባለ 225 ሊትር የኦክ በርሜል ወደ 300 ጠርሙስ ብቻ ይወጣዋል፤ አዲስ የፈረንሳይ በርሜል ደግሞ ከሺህ ዶላር በላይ ነው። የ10 ዶላር ወይን ይህን ሊሸከም አይችልም። ስለዚህ የኦክ ፍቅፋቂ ጋኑ ውስጥ ይነከርለታል። የቫኒላና የኮኮናት ሽታው ፍሬውን ቀድሞ ከወጣና አፍ ውስጥ ግን ምንም ካልተከተለው ነገሩ ይህ ነው። ከዚያ ስኳሩ። ደረቅ የሚባል ወይን በሊትር ከ4 ግራም የማይበልጥ ስኳር ነው የሚቀርበት፤ አንዳንድ በጣም የሚሸጡ ርካሽ ቀዮች ላይ 10 ግራም ገደማ ይተዋል። ስኳር መራራነትን ይሸፍናል፤ የመጀመሪያው ጉንጭ ደስ ይላል፣ ሁለተኛው ብርጭቆ ላይ ይሰለቻል። በሞቃት አገር የበሰለ ወይን ኮምጣጣነቱ ስለሚያንስ ታርታሪክ አሲድ ይጨመርበታል። የተፈቀደ ነው፤ በልኩ ካልሆነ ግን ከፍሬው ተለይቶ ምላስ ዳር ላይ ይወጋል። ታኒኑን ደግሞ ሻይ ጠጪ ሁሉ ያውቀዋል፤ ወፍራም ሻይ ያለ ስኳር ሲጠጣ አፍን የሚሰበስበው እሱ ነው።

ጥሩ ርካሽ ሺራዝ ማለት ለኔ ንጹሕ የሆነ፣ ፍሬው ያልተቀቀለ፣ አልኮሉ ጉሮሮ ላይ የማይነድ፣ ከተዋጠም በኋላ ጥቂት የሚቆይ ነው። ውስብስብ እንዲሆን አልጠብቅበትም። የረጠበ ካርቶን ከሸተተ ቡሹ ያበላሸው ነው፤ እዚህ አገር ግን ከ2000 ወዲህ በመጠምዘዝ የሚከፈት ክዳን ስለተለመደ ብዙም አይገጥመኝም። የክብሪት ወይም የተቀቀለ እንቁላል ሽታ ካለው አሥር ደቂቃ አየር ስጡት፤ ብዙ ጊዜ ይለቃል። የማልዘለው ፈተና ደግሞ የማግስቱ ነው፤ ግማሹን ክዳኑን ገጥሜ አሳድረዋለሁ። የተኳለ ወይን በማግስቱ ቫኒላና አልኮል ብቻ ሆኖ ይቀራል። የማግስቱ ነጥብ ከትናንቱ ከበለጠ ያንን ወይን በካርቶን አስመጣለሁ።

ይህንን ሁሉ አውቄ አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር፤ ያንን ያስተማሩኝ ጎረቤታችን ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል። የፋሲካ ዕለት ቤታችን መጥተው ዶሮ ወጥ ቀርቦ፣ እኔ በኩራት አለቃዬ የመረጠችውን፣ 15 በመቶ አልኮል ያለውን ደረቅ የባሮሳ ሺራዝ ቀዳሁላቸው። አንድ ጉርሻ ጎርሰው ጠጡና ብርጭቆውን አስቀመጡት። «ልጄ፣ ይሄ እሳት ላይ እሳት ነው። ያን ባለፈው ያመጣኸውን ለስለስ ያለውን የለህም?» አሉኝ። ያ ለስለስ ያለው በ9 ዶላር የምንሸጠው፣ እኔ በስኳሩ ምክንያት 14 ነጥብ ሰጥቼው የናቅኩት ነበር። «ጋሼ፣ እሱ እኮ ርካሽ ነው» አልኳቸው። «ርካሽ መሆኑን ሆዴ አያውቅም፤ አንተ ቅዳ» አሉ።

ቀዳሁላቸው፤ ለራሴም ቀዳሁ። ልክ ነበሩ። በርበሬ ባቃጠለው አፍ ላይ አልኮል ማቃጠሉን ያባብሰዋል፣ ታኒኑም ሻካራ ይሆናል፤ ጥቂት ስኳር ግን ያበርደዋል። ደረቁን ባሮሳ በማግስቱ ከተረፈው የበግ ጥብስ ጋር ጠጣሁት፣ ስቡ ታኒኑን አለዘበውና ድንቅ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ነጥብ ወረቀቴ ላይ አንድ መስመር ጨምሬአለሁ፤ «ከምን ጋር?» የሚል። አለቃዬ የውድድር ዳኛ እንደዚያ አይጽፍም ትላለች። እሷ ለውድድር ትፈርድ፣ እኔ ግን ለፉትስክሬይ ነው የምፈርደው።

አንድ ጊዜ ከአገር ቤት ስመለስ ሻንጣዬ ውስጥ ዝዋይ ሐይቅ አጠገብ ከተተከለው ሲራ የተሠራ ጠርሙስ ይዤ መጣሁ። የፈረንሳዩ የመጠጥ ኩባንያ ካስቴል እዚያ ሲራ፣ መርሎ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ ተክሎ የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች በ2014 ገበያ ላይ አውጥቷል። ቦታው ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆነ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ለወይን ደግ ነገር ነው። ጠርሙሱን ከረጢት አልብሼ ከአውስትራሊያዎቹ መካከል ሰካሁት። ባልደረቦቼ ከመካከለኛው ከፍ ያለ ነጥብ ሰጡት። አንዷ ደቡብ አፍሪካ ነው አለች፤ ኢትዮጵያ ያለ ግን አልነበረም። የኔን ነጥብ ቀድጄ ጣልኩት፤ የትኛው ቁጥር እንደሆነ እያወቅኩ ነበር የቀመስኩት፣ 18 ሰጥቼው ነበር። አገሬን ብወድም ያን ያህል ወይን አልነበረም።

አሁን ደንበኛ ያንኑ ጥያቄ ሲጠይቀኝ መጀመሪያ ምን እንደሚበላ እጠይቀዋለሁ። ለጥብስና ለክትፎ ከሆነ ማክላረን ቬል ወይም ሂዝኮት የሚል ስም ያለበት፣ የሁለት ወይም የሦስት ዓመት ዕድሜ ያለው፣ አልኮሉ ከ14.5 የማይበልጥ ደረቅ ሺራዝ እሰጠዋለሁ። ለዶሮ ወጥ ከሆነ ያንን የ9 ዶላሩን፣ ቀዝቀዝ አድርጎ እንዲጠጣው። ኪሱ ከሳሳ ክሊንስኪኑን፣ ቀጠናው የተጻፈበት ከሆነ። «ሳውዝ ኢስተርን አውስትራሊያ» ብቻ የሚለውን ለሳንግሪያና ለሥጋ መዘፍዘፊያ አስቀምጠዋለሁ፤ ይህ የኔ ፍርድ ነው፣ የሚከራከረኝ ቢኖር ጠርሙሱን ሸፍኖ ይምጣ።

አዲስ አበባም ሆናችሁ ዋሽንግተን፣ ወይን የምትወዱ ከሆነ ይህንን ሞክሩ። በአንድ ዋጋ ሦስት ሺራዝ ግዙ፤ ከመካከላቸው አንዱን ሁለት ጠርሙስ አድርጉት። የማይጠጣ ሰው ሁሉንም በጋዜጣ ጠቅልሎ ቁጥር ይስጣቸው። ሳትነጋገሩ ቅመሱ፣ ትፉ፣ ከ20 ነጥብ ስጡ፤ ያልሸተታችሁን አትጻፉ። ጋዜጣው ሲነሳ ለሁለቱ መንትያ ጠርሙሶች የሰጣችሁትን ነጥብ አስተያዩ። ከሁለት ነጥብ በላይ ከተራራቁ፣ የሌሎቹን ወይኖች ውጤት ለማንም ከመናገራችሁ በፊት በሌላ ቀን ድገሙት።